ለአባባ የመረጥኩት ሞተር

ሐምሌ 3፣ ማታ

ፕሮፔለሩ ዛሬም ድንጋይ መታ። ማስታወሻዬ፣ ይህን ነገር ስንት ጊዜ ጻፍኩብሽ? የዛሬው ግን ይለያል። የተሰበረው ምላጩ ብቻ አይደለም፤ የውስጥ ጥርሱም ረግፏል። አባባ የታችኛውን ብሎን ፈትተው ዘይቱን በጣታቸው አሹት። የብረት ፍርፋሪ። ለእኔም አሳዩኝ። ሞተሩን በጆንያ ሸፍነው አጠገቡ ተቀመጡ።

የአረም ሠራተኞቹ ማዶ ቀርተው ነበር። ጀልባዋን በገመድ እየጎተትን አሻገርናቸው። የሽንፋ ወንዝ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ነው የሚመጣው። መዳፌ ተልጧል። ነገ ጤ/ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ተረኛ ነኝ። በዚህ እጅ ክኒን መቁጠር ነው።

ሐምሌ 5

ሞተር መቀየር የግድ ነው። በዚህ ተስማምተናል። በሌላው በምንም።

አባባ የሚሹት ያንኑ ዓይነት ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ላይ የሠራ፣ ባለ ፕሮፔለር። እኔ ጄት ይሁን እላለሁ። ጄት ከሥሩ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ውሃውን በሆዱ ይስብና ወደ ኋላ ይተፋዋል፤ በዚያ ኃይል ይሄዳል። ጀልባችን ሆደ ጠፍጣፋ ናት። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። ሁሌ የሚያስረን ከሥሯ የሚንጠለጠለው ምላጭ ነው።

የአባባ ክርክር፦ ሞተር ማለት ሲበላሽ ፈትተው የሚያውቁት ነው። ጄቱን ማን ይፈታዋል? አሸዋ ቢውጥስ? ሣር ቢሰካበትስ? እውነታቸውን ነው፤ አሸዋ ይበላዋል። ከጉልበቱም ብዙው ይባክናል ይላሉ። ስለዚህ ከድሮው የበረታ መግዛት አለብን፤ የበረታ ደግሞ ከባድ ነው። ይህን ሁሉ አምኛለሁ። ግን የላይኛው መሻገሪያ ከዓመት ዓመት በድንጋይ እየሞላ ነው። አባባ ይህን አይቀበሉም። ሽንፋን ከእኔ በፊት ያውቁታል። አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ጀልባዋን ትቶልን ከመሄዱ በፊት ሰው የሚያሻግሩት በተነፋ የከባድ መኪና ጎማ ካላማዳሪያ ላይ አስቀምጠው፣ እየዋኙ ነበር። ወንዝ እንደ ሰው ነው፣ ክረምት ይቆጣል፣ በጋ ይረሳል አሉኝ። ድንጋይ ግን አይረሳም አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ተኮራረፍን።

ሐምሌ 7

አባባ ተረቱ። የረታቸው የእኔ ክርክር አይደለም። ማዶ አንድ ልጅ በወባ ሲንቀጠቀጥ አድሮ በገመድ እስክንጎትተው ረፈደ። ልጁ ደህና ነው፤ መርፌ ወግተነዋል። አባባ ግን ከዚያ በኋላ፣ ሂጂና የወደድሽውን አምጪ፣ እንዳታዘገዪ ብቻ አሉኝ። የወደድሽውን! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ነው የተናገሩት።

ሐምሌ 9፣ መተማ ዮሐንስ፣ አልጋ ቤት

ከሽንፋ ገንዳ ውሃ በጭነት መኪና ጋቢና፣ ከዚያ እዚህ በሚኒባስ። ጭቃ። ሙቀቱ የሚታኘክ ነው።

ጄቱን አገኘሁት። የመለዋወጫ ነጋዴው ሐጂ ግቢ ውስጥ፣ ከሱዳን የመጣ ነው። ሐጂን እንዲያስመጡት የመከራቸው ሙዓዝ የሚባል መካኒክ ነው፤ ሱዳን ውስጥ የወንዝ ጀልባ ሲጠግን ኖሮ ጦርነቱ ያሻገረው። ረጅም፣ ዝምተኛ፤ ሞተር አጠገብ ሲሆን ግን አፉ ይፈታል። ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስነሳልኝ። ግቢው በሙሉ ራሰ። ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ። ሳቅን።

ሌላም ጄት ነበር፤ አነስ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ አባባ ብቻቸውን ሊሸከሙት የሚችሉት። ሙዓዝ አይሆንም አለ። ሰውና ማሽላ ጭኖ ደራሽ ውሃ ላይ አቅም ያጥረዋል። ትልቁን መረጥኩ።

አጠቃቀሙን አስረዳኝ። ማታ ማታ ግራሶ። ውሃ የሚስብበትን ወንፊት ከሣር መጥረግ። ሦስተኛውን ሲነግረኝ ክንዴን ያዘ። ይህ እንደ ፕሮፔለር አይደለም። የሚታጠፈው በሚተፋው ውሃ ነው። ጋዝ ከለቀቅሽ ውሃ መትፋቱን ያቆማል፤ የሚያጥፈው ነገር የለም። «ጋዝ መፊ፣ መሪ መፊ» አለኝ፤ መፊ የለም ማለቱ ነው። «ለሚነዳው ሰው ንገሪው። ወላሂ ንገሪው።»

ማታ ለአባባ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ችግሩስ ምንድን ነው? ግራሶ አልኩ። ወንፊት አልኩ። ሦስተኛውን አላልኩም።

ለምን እንደሆነ ላንቺ ልጻፍ። አባባ ወደ ዳር ሲጠጉ ከሩቅ ጋዙን ይለቃሉ። ጀልባዋ እንደ ቅጠል ተንሳፍፋ፣ ድምጽ ሳታሰማ፣ አሸዋው ላይ ታርፋለች። የማንም ቀሚስ አይረጥብም። ሽንፋ ሁሉ የሚያውቅላቸው ይህን ነው፤ በስማቸው «የአያ ደረሱ አመጣጥ» ይሉታል። ያ በዚህ ሞተር አይሆንም ካልኳቸው፣ ተይው፣ ነይ ይሉኛል። ሲገጠም እዚያው እያሳየሁ እነግራቸዋለሁ። እሱ ይሻላል።

ሐምሌ 12

ሞተሩ ገባ። ሙዓዝ አብሮኝ ሊመጣ ነበር፤ መንገድ ላይ ወረቀት ይጠይቁኛል ብሎ ፈርቶ ቀረ። የጀልባዋን ኋላ በእንጨትና በላሜራ አጠናከርን። የአጎቴ ልጅ እሸቴ አገዘ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ በበጋ ትራክተር የሚነዳ፣ ጡንቻው የማያልቅ። አባባ ብሎኖቹን ራሳቸው አጠበቁ። ለማንም አልሰጡም።

ሞከሩት። አወይ አካሄዱ! ድንጋዩ ላይ እንደ ዳክዬ አለፈ። ማዶ ያሉት አጨበጨቡ። አባባ ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ፤ ሳቃቸውን እንዳላይ። ወደ ዳር ሲመጡ ውሃው የተኛ ነበር፤ ጋዙን ለቀቁ፣ ትንሽ ተንሻፈፈች፣ አሸዋ ላይ ወጣች። ሰው ሁሉ በደስታ ሲጮህ እንዴት ልናገር? ነገ።

ሐምሌ 20

ሥራ በዝቷል። ወባ፣ ተቅማጥ፣ የእባብ ንድፊያ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ትናንት አባባ ለእንግዳ፣ ልጄ ናት የመረጠችው፣ ወንድ ልጅ እንኳ እንዲህ አይመርጥም ሲሉ ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ።

አልነገርኳቸውም። ምን አስፈለገ ብዬ። ራሳቸው ሳይለምዱት አልቀሩም። እንዲያ ብዬ ራሴን አስተኛለሁ።

ነሐሴ 2

ዛሬ አልጽፍም።

ሰው አልሞተም። እግዚአብሔር ይመስገን። ሰው አልሞተም።

ነሐሴ 3

እንግዲህ ልጻፍ።

ከማዶ ክትባት ውለን እየተመለስን ነበር። ጀልባዋ ሙሉ። የክትባት ሳጥኑ ጭኔ ላይ። ከፊቴ ወ/ሮ ሙሉነሽ፣ ለሠራተኞቹ ሻይና ዳቦ የምትሸጠው፣ ጀበናዋንና ብርጭቆዎቿን በዘንቢል አቅፋ። ከላይ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ውሃው ቀይ ነው፤ ይጎትታል። አባባ ከኋላ። ዳሩ ሲቃረብ እንደ ልማዳቸው ጋዙን ለቀቁ።

ዝም አለ። ያ ዝምታ አሁንም ይሰማኛል።

የጀልባዋ አፍ ዞረ። አባባ መሪውን ወዲህ አጠፉት፣ ወዲያ አጠፉት፤ ምንም። ውሃው ጎኗን ይዞ ከመሻገሪያው በታች ወዳለው ቋጥኝ ወረወራት። ሙሉነሽ ተስፈንጥራ በእጇ ወደቀች። ጩኸት። ሳጥኑን ጥዬ በሰው ላይ ተራምጄ ወደ ኋላ ሄድኩ።

«መሪውን ልቀቀው!» አልኩ።

ልቀቁት አይደለም። ልቀቀው። ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሰማ።

እጃቸውን ገፍቼ ጋዙን ሰጠሁት። ጀልባዋ ታዘዘች። ቀና አለች፣ ዳር ወጣን። አንዲት ሴት ጉልበቴን ሳመች፤ አዳነችን፣ ይቺን የወለደ ማህፀን ይባረክ እያለች። አባባ ጀልባዋ ውስጥ ቀሩ። እጃቸውን ገልብጠው ያያሉ።

የሙሉነሽ የእጅ አንጓ ተሰብሯል። ራሴ ነኝ ያሰርኩላት፣ ነገ ገ/ውሃ ትሄዳለች። ዛሬ አባባ ስላልወረዱ ጀልባዋን የያዘው እሸቴ ነው፤ ጠዋት ነገርኩት፦ ጋዙን እስከ ዳር አትልቀቅ፤ ጋዝ መፊ፣ መሪ መፊ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እሺ አለ፤ አለቀ። ነገሩ በሙሉ አንድ ደቂቃ ነበር።

ነሐሴ 7

አባባ ቁልፉን ለእሸቴ ሰጡ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ማታ ስመጣ ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይኔ ደክሟል አሉ፣ ዳሩን ሳልስተው አልቀረሁም። እጄም አልታዘዝ አለኝ። ሰው ሳልገድል መተው ነው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ራት በልተዋል ወይ የሚል ነው።

ነሐሴ 14

ጤ/ጣቢያ ወሰድኳቸው፣ ለዓይን። የሥራ ባልደረባዬ ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ አስቆመቻቸው። የመጨረሻዋን መስመር ሳይቀር ለዩ። አያ ደረሱ፣ ዓይንዎስ ከእኔ ይሻላል አለቻቸው። አባባ አልተደሰቱም። ታዲያ ልቤ ነዋ የሸሸው አሉ። ዓይን ቢሆን መነጽር ነበረው።

እኔ የት እንደቆምኩ ልንገርሽ? ከሰሌዳው ጎን። ፊት ለፊታቸው።

ከዚያ ወጥተው ወደ ሙሉነሽ ቤት ሄዱ። በየቀኑ ይሄዳሉ። እንጨት ይፈልጡላታል፣ ውሃ ያስቀዱላታል። አንድ ቀን ቢቀሩ ዕዳ የበሉ ይመስላቸዋል።

ነሐሴ 21

ሽንፋ ላይ አዲስ ወሬ፦ እሸቴ ጎበዝ ነው። ያን የመሰለ ሞተር ባንድ ቀን ለመደው። ወጣት እጅ ይለያል። አያ ደረሱም በጊዜ መተዋቸው ደግ ነው። ይህን ደጃችን ሆነው ነው የሚያወሩት። አባባ አዎ፣ አዎ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እሸቴን ጠየቅኩት፦ ለአባባ የነገርኩህን ነግረሃቸዋል? ደነገጠ። እሳቸው አያውቁም እንዴ አለኝ። ዞር ብዬ ሄድኩ።

ሞተሩ ግን ጥሩ ሞተር ነው። ይህን ደግሜ ደጋግሜ አስባለሁ። ምርጫዬ ልክ ነበር። በዚህ ክረምት አንድም ቀን ሰው ማዶ አልቀረም። ልክ መሆኔ ምንም አያግዘኝም።

ጳጉሜ 2፣ ከሰዓት

ነገርኳቸው።

የመቆፈሪያ እጀታ እየጠረቡ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለቃሉ ስዘጋጅ ቆይቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

«አባባ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። እጅዎም ደህና ነው። ያ ሞተር ጋዝ ሲለቁት አይታጠፍም። ማንም ቢይዘው አይታጠፍም።»

መጥረቢያውን አቆሙ። «ማን ነገረሽ?»

«መካኒኩ። መተማ።»

«ሲገዛ?»

«ከመግዛቴ በፊት።»

ከዛፉ ላይ ወፍ ትጮሃለች። አፈሩን በእግሬ እቆፍራለሁ፣ እንደ ሕፃን።

«ለእሸቴስ ነገርሽው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«በማግስቱ።»

«ለእሱ በማግስቱ» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ከዚያ፦ «ብትነግሪኝ አልገዛም እል ነበር ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«እል ነበር። አንድ ቀን እል ነበር። ሁለት ቀን እል ነበር። ከዚያ እገዛው ነበር፣ እናቴ። ጋዝ አይልቀቁ ብትይኝ አልለቅም ነበር። ሌላ ምን አለው?»

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ፤ ተይ፣ ተነሺ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

«እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት ይህን እጅ ነው የማየው። ምን ሆንክ? አርባ ዓመት ታዘህ ምን ሆንክ? እለዋለሁ።»

መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። አልቅሻለሁ። ምንም አልቀለለኝም። መናገር ያቀላል የሚሉ ሰዎች ምን ተናግረው ይሆን?

መስከረም 3

አባባ ኮኪት ሄዱ፣ ወንድማቸው ዘንድ። እንቁጣጣሽን እዚህ ዋሉ፣ መረቁኝ፣ በማግስቱ ፌስታል ይዘው የሰሊጥ ነጋዴ መኪና ላይ ወጡ። ለስንት ቀን? ማሽላውን እስካየው አሉ። ወንድማቸው ማሽላ ካልዘሩ ሁለት ዓመታቸው።

ቤቱ ይሰፋል። ሽንፋ መቅለል ጀምሯል፤ ውሃው እየጠራ ነው። እሸቴ ማታ ማታ ግራሶውን በደንብ ይቀባል። ሳየው ያናድደኛል። ምን አጠፋ?

መስከረም 11

ደወልኩ። ደህና ነኝ አሉ። አንቺ ደህና ነሽ? ወባው እንዴት ነው? ሞተሩን አልጠየቁም። ይመለሱ አልኩ፣ አብረን እንሞክረው፣ እኔ ከጎንዎ እቀመጣለሁ። ከጎናቸው! ራሴን ሰምቼ አፈርኩ። እንዳስተማሪያቸው። እናያለን አሉ። በአባባ አፍ እናያለን ማለት አይሆንም ነው።

መስከረም 16

ሙሉነሽ ዛሬ ጤ/ጣቢያ መጣች። ጄሶው ተነሥቷል፤ ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ ማንሳት ግን ገና ነው። ቅባት ሰጠኋት። እውነቱን ላንቺም ልንገርሽ ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳት። መስኮቱ ላይ ሰልፈኛ ቆሟል፣ እኔ እናገራለሁ።

ቅባቱን መስኮቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«አባትሽ ከእንቁጣጣሽ በፊት ነው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያወቁት?»

«ጳጉሜ 2።»

«እንቁጣጣሽ ዕለት ቤቴ መጥተው ነበር» አለች። «ልሰናበትሽ ብለው። አያ ደረሱ፣ ያ ሞተር ራሱ ሳይሆን ይቀራል ወይ አልኳቸው። የለም፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ እኔ ነኝ ያረጀሁ አሉኝ። ልጄ መርጣ ያመጣችውን አትሚብኝ አሉ።»

ካወቁ በኋላ ነው። ከነገርኳቸው በኋላ። ማስታወሻዬ፣ ሁሉን ካወቁ በኋላ ሄደው ስለ እኔ ሲሉ ያረጁ ሆኑ።

ሙሉነሽ አልሰደበችኝም። ቅባቱን ይዛ ስትወጣ፣ «ለእኔ መንገርሽ ደግ ነው። ያን ቀን ጀልባዋ ውስጥ ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም» አለችኝ።

መስከረም 17

ዛሬ መስቀል ነው፤ ነገ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ። ከማዶ ሁሉም ይመጣል፤ ያን ቀን የነበሩትም፣ ያልነበሩትም፣ ደጃችን ቆመው ወጣት እጅ ይለያል ያሉትም። ኮኪት ደውዬ፣ ነገ በሰው ፊት እውነቱን እንደምናገር ለአጎቴ ብቻ ነገርኩ፣ ለአባባ አይንገሩ ብዬ። ቢመጡልኝ ብዬ አይደለም የምናገረው። ቢመጡ እንኳ ሞተሩን ይንኩት አይንኩት የእሳቸው ነገር ነው። በዚህ ክረምት የነበራቸውን ወንዝ እኔ ልመልስላቸው አልችልም፤ አልቋል፣ አሸዋው ወጥቷል።

ፈራሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ እምነት ጥለውብኝ ክኒን ከእጄ የሚቀበሉ ሰዎች ናቸው። ነገ እንዴት ያዩኛል? እንዳዩኝ ይዩኝ።

መስከረም 18፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሰው ከማዶ እየተሰበሰበ ነው። ነጠላው ከዚህ ይታየኛል። እሸቴ ሞተሩን አስነስቷል፤ ድምጹ ቤቱ ድረስ ይመጣል።

የምለው አጭር ነው። አያ ደረሱ አላረጁም። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የሚያጠፋንን ነገር አውቄ ደብቄያቸዋለሁ። በሰው ፊትም አንተ ብያቸዋለሁ። ይኸው።

አሁን እወርዳለሁ። መጀመሪያ እሸቴን ሞተሩን አጥፋው እለዋለሁ፣ ሁሉም እንዲሰሙኝ፣ ከዚያ እናገራለሁ።